የጃቫ ሶርስ ፎልደሮችን ማደራጀት፦ ሥሩ የት እንደሚጀምር ማወቅ

የጃቫ ኮድ መጻፊያ በሆነው ኤክሊፕስ ላይ አንድ የጃቫ ፋይል ስትከፍቱ የመጀመሪያው መስመር በቀይ ተሰምሮበት «የተጻፈው ፓኬጅ ከሚጠበቀው ፓኬጅ ጋር አይገጥምም» የሚል መልእክት ከወጣ፣ ኮዱ ላይ እጃችሁን አታሳርፉ። ችግሩ ኮዱ ጋ አይደለም። ኤክሊፕስ ፓኬጅ (ክላሶች የሚመደቡበትን ስም) መቁጠር የጀመረው እናንተ ካሰባችሁት ፎልደር ሳይሆን ከሌላ ፎልደር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የፓኬጁን መስመር ማረም ይጀምራል። የዚያ ፋይል ቀይ መስመር ይጠፋል፤ ክላሱን ኢምፖርት ያደረጉ ፋይሎች ግን በሙሉ በቀይ ይሞላሉ። እነሱም ሲታረሙ ሌሎች ይከተላሉ። በመጨረሻ በግማሹ ትክክለኛ፣ በግማሹ የተሳሳተ ፓኬጅ ያለው ፕሮጀክት ይቀራል፤ ያን መፍታት ከመጀመሪያው ችግር ይብሳል።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ አጻጻፉ፦ የፎልደርና የፋይል ስሞችን እዚህ በአነባበባቸው በፊደል ጽፈናቸዋል። ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል፣ ሁሉም በስሞል ሌተር ነው የሚጻፉት። «ኤስአርሲ» ሦስት ፊደል ናት፤ «ሜይን»፣ «ቴስት» እና «ጃቫ» አራት አራት ናቸው። «ሪሶርስስ» መጨረሻዋ ላይ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አለቻት። ያቺ አንዲት ፊደል ከተረሳች፣ ኮዱን አጠናቅሮ የሚያሽገው ሜቨን የተባለው መሣሪያ «የሌለ የሪሶርስ ፎልደር ስለሆነ ዘልዬዋለሁ» የሚል ተራ መስመር ጽፎ ያልፋል እንጂ ኤረር አይሰጥም፤ ፋይሎቹም ጃሩ (የታሸገው የፕሮግራም ፋይል) ውስጥ አይገቡም።

ሶርስ ፎልደር መደርደሪያ አይደለም

ለጃቫ መሣሪያዎች ሶርስ ፎልደር ማለት ፓኬጅ መቆጠር የሚጀምርበት ሥር ነው። ከሥሩ በታች ያለው መንገድ በሙሉ የፓኬጁ ስም ነው፤ ከሥሩ በላይ ያለው ደግሞ ለኮምፓይለሩ ምንም ትርጉም የለውም። የዕቃ መጋዘን የሚመዘግብ ፕሮግራም እንውሰድ፤ ድርጅቱ በኢትዮጵያ የኢንተርኔት ስያሜ፣ ማለትም በ«ኢቲ» የሚያልቅ ዶሜይን አለው እንበል። ዶሜይኑ ተገልብጦ ሲጻፍ ፓኬጁ «ኢቲ.ኮም.መጋዘን» ይሆናል፤ ፋይሉም እዚህ ይቀመጣል፦

ኤስአርሲ/ሜይን/ጃቫ/ኢቲ/ኮም/መጋዘን/ደረሰኝ.ጃቫ

ሥሩ «ኤስአርሲ/ሜይን/ጃቫ» ሲሆን የሚተርፈው «ኢቲ/ኮም/መጋዘን» ነው፤ ልክ ነው። ሥሩ «ኤስአርሲ» ከሆነ ኤክሊፕስ የሚጠብቀው «ሜይን.ጃቫ.ኢቲ.ኮም.መጋዘን» የሚል ፓኬጅ ነው። ሥሩ ወርዶ «ኢቲ» ላይ ካረፈ ደግሞ «ኮም.መጋዘን»ን ይጠብቃል። ስለዚህ የኤረሩን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡት። «የሚጠበቀው» ተብሎ የተጠቀሰው ፓኬጅ ፊት ለፊቱ ትርፍ ቃል ካለበት ሥሩ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል፤ ከፊቱ ቃል ከጎደለው ሥሩ ከሚገባው በታች ወርዷል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው አብዛኛውን የሶርስ ፎልደር ችግር መልእክቱን አይቶ ብቻ ይፈታዋል።

«በተርሚናል ኮምፓይል ሳደርገው ይሠራል፣ ኤክሊፕስ ነው እምቢ ያለው» የሚለው አቤቱታ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። «ጃቫክ» (የጃቫ ኮምፓይለሩ) ፋይሉን በስሙ ጠርታችሁ ስትሰጡት የተቀመጠበትን ፎልደር አይጠይቅም፤ በ«ማይነስ ዲ» መውጫ ፎልደር ከነገራችሁት የክላሱን ፎልደሮች በፓኬጁ መስመር መሠረት ራሱ ይፈጥራል። ሌላ ክላስ ራሱ ፈልጎ ማግኘት ሲኖርበት ግን በፎልደሩ መንገድ ነው የሚሄድ፤ ያኔ ያጣዋል። ኤክሊፕስ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ይህ እንዳይመጣ ነው።

ስንት ሶርስ ፎልደር ያስፈልጋል?

ለአብዛኛው ፕሮጀክት አራት ይበቃል፦ ለዋናው ኮድ «ኤስአርሲ/ሜይን/ጃቫ»፣ አብረውት ለሚሄዱ ሌሎች ፋይሎች «ኤስአርሲ/ሜይን/ሪሶርስስ»፣ ለቴስት ኮድ «ኤስአርሲ/ቴስት/ጃቫ»፣ ለቴስቱ ፋይሎች «ኤስአርሲ/ቴስት/ሪሶርስስ»። ይህ የሜቨን መደበኛ አቀማመጥ ነው፤ ሌላው ተመሳሳይ መሣሪያ ግሬድልም ምንም ካልተነገረው ይህንኑ ይከተላል። ፕሮጀክታችሁ ሜቨንም ግሬድልም ባይኖረው እንኳ ይህን አቀማመጥ ያዙ። ነገ አንዱን ስትጨምሩ ምንም ማንቀሳቀስ አያስፈልጋችሁም፤ አዲስ የመጣ ባልደረባም ፋይል ፍለጋ ጊዜውን አያጠፋም።

ዋናውንና የቴስቱን መለየት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሁለቱ ሥሮች ተለያይተውም ፓኬጁ አንድ ሊሆን ይችላል። «ደረሰኝ» የሚለው ክላስ በዋናው ሥር «ኢቲ.ኮም.መጋዘን» ውስጥ፣ «ደረሰኝ ቴስት» ደግሞ በቴስቱ ሥር በዚያው ፓኬጅ ስም ይቀመጣል። «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ያልተባለ ሜተድ ለፓኬጁ ባልደረቦች ክፍት ስለሆነ ቴስቱ በቀጥታ ይጠራዋል፤ ለቴስት ሲባል ብቻ ሜተዱን ፐብሊክ ማድረግ አያስፈልግም። ጃሩ ሲሠራ ደግሞ የቴስቱ ሥር እዚያው ይቀራል።

አምስተኛ፣ ስድስተኛ ሶርስ ፎልደር እየከፈቱ አንዱን ለዳታቤዝ፣ አንዱን ለስክሪን፣ አንዱን ለጋራ ኮድ የሚሰጡ አሉ። አንመክርም። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ያሉ ዋና ሶርስ ፎልደሮች ሁሉ አብረው ነው ኮምፓይል የሚደረጉት፤ የዳታቤዙ ኮድ የስክሪኑን እንዳይነካ የሚከለክል አጥር በመሀላቸው የለም። መለያየቱ ለዓይን ብቻ ከሆነ ፓኬጅ ይበቃል፤ እውነተኛ አጥር ካስፈለገ ራሱን የቻለ ሞጁል ነው የሚሠራው።

ኤክሊፕስ ላይ

በፕሮጀክቱ ስም ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ኒው»፣ ከዚያ «ሶርስ ፎልደር» የሚለውን ምረጡ። ከጎኑ «ፎልደር» የሚል ሌላ ምርጫ አለ፤ እሱ ተራ ፎልደር ነው የሚፈጥረው። ልዩነቱ በፓኬጅ ኤክስፕሎረር ላይ በዓይን ይታያል፦ ተራው ፎልደር ባዶ ቢጫ ምስል ነው፤ ሶርስ ፎልደሩ ግን ላዩ ላይ ትንሽ የፓኬጅ ምልክት ተለጥፎበታል። ፋይል ከፍታችሁ ኢምፖርት አልጠቁም ካለ፣ ኤረርም ካላሳየ፣ መጀመሪያ ይህን ምልክት ፈልጉ። ከሌለ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ቢልድ ፓዝ»፣ «ዩዝ አዝ ሶርስ ፎልደር»። ለመመለስ በዚያው ቦታ «ሪሙቭ ፍሮም ቢልድ ፓዝ» አለ፤ ፎልደሩን ኤክሊፕስ ከሚያጠናቅራቸው ዝርዝር ነው የሚያስወጣው እንጂ ፋይል አይሰርዝም።

«ኤስአርሲ» ራሱ ሶርስ ፎልደር ሆኖ ሳለ «ኤስአርሲ/ሜይን/ጃቫ»ን ለመጨመር ስትሞክሩ «አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት አይቻልም» የሚል መልእክት ይወጣል፤ ሁለት ሥሮች በአንድ ፋይል ላይ ሊጣሉበት ነውና። በዚያው መስኮት ላይ ችግሩን በማግለያ ዝርዝር የሚፈታ የምልክት ሳጥን አለ። አትጫኑት። ከተጫነ ላይኛው ሥር «ከሜይን በቀር» እየተባለ ይቀጥላል፤ ዛሬ ይሠራል፣ ከወራት በኋላ ግን አዲስ ፎልደር ሲጨመር ለምን እንደማይገጥም ማንም አያስታውስም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ «ኤስአርሲ»ን ከቢልድ ፓዝ ማስወጣት፣ ከዚያ ታችኞቹን አንድ በአንድ ማስገባት ነው።

ሁሉንም በአንድ ቦታ ለማየት «ቢልድ ፓዝ»፣ «ኮንፊገር ቢልድ ፓዝ»፣ ከዚያ «ሶርስ» የሚለውን ታብ ክፈቱ። እያንዳንዱን ሶርስ ፎልደር ስትዘረጉት ከሥሩ ከሚገኙት መስመሮች ዋና ዋናዎቹ የሚገቡት ፋይሎች፣ የሚገለሉት ፋይሎች፣ መውጫ ፎልደሩ እና «ኮንቴይንስ ቴስት ሶርስስ» ናቸው። የመጨረሻው በ2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከወጣው ፎተን ከተባለው እትም ጀምሮ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ኤክሊፕስ ዋናውንና የቴስቱን ኮድ በአንድ ክላስፓዝ (ክላሶች በሚፈለጉበት ዝርዝር) ይሠራ ስለነበር፣ ዋናው ኮድ ውስጥ በስሕተት የቴስት ላይብረሪ ኢምፖርት ብታደርጉ ምንም አይልም ነበር፤ የሚወድቀው ሜቨን ላይ ሲደርስ ነው። አሁን በቴስቱ ሥር ላይ ይህን መስመር ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ «የስ» ስታደርጉት ወዲያው ይነግራችኋል። ሥሩ የራሱ መውጫ ፎልደር እንዲኖረው ግድ ነው፤ ካልሆነ ኤረር ይሰጣል። መውጫውን ለመለየት ከታች ያለውን «አላው አውትፑት ፎልደርስ ፎር ሶርስ ፎልደርስ» ምልክት አድርጉና ለዋናው «ታርጌት/ክላስስ»፣ ለቴስቱ «ታርጌት/ቴስት-ክላስስ» ስጡ። ለቴስት የሚያገለግለው የጁኒት ላይብረሪም «ላይብረሪስ» ታብ ላይ ለቴስት ብቻ የሚታይ ይሁን።

እዚያ መስኮት ላይ የምታደርጉት ሁሉ ፕሮጀክቱ ውስጥ ባለች «ነጥብ ክላስፓዝ» በምትባል ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ላይ ነው የሚጻፈው። ነገሩ ሲወሳሰብ በቀጥታ ክፈቷት፤ ከመስኮቱ ይልቅ እሷ ፈጥና ታስረዳለች።

ኢንቴሊጄ አይዲያ ላይ

በዚህ ሌላው የጃቫ ኮድ መጻፊያ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ማርክ ዳይሬክተሪ አዝ»፣ ከዚያ «ሶርስስ ሩት»። ዋናው ሰማያዊ፣ ቴስቱ አረንጓዴ፣ የተገለለው ብርቱካናማ ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ላይ ለማየት ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ሺፍት እና ኤስ አብራችሁ ተጫኑና ወደ «ሞጁልስ» ግቡ። እዚያ ለአንድ ሥር «ፓኬጅ ፕሪፊክስ» መስጠት ይቻላል፤ ማለትም «ኢቲ/ኮም» የሚሉትን ፎልደሮች ሳይፈጥሩ ሥሩ ከዚያ እንደሚጀምር መንገር። ሌላ መሣሪያ ግን ይህን ስለማያውቅ ባትነኩት ይሻላል።

ለየት ያለ ጥንቃቄ የሚሻው ሪሶርስስ ውስጥ ፎልደር መፍጠር ነው። ሶርስ ሥር ላይ «ኒው ፓኬጅ» ብላችሁ በነጥብ ስትጽፉ ፎልደሮቹ በየደረጃቸው ይፈጠራሉ። ሪሶርስስ ላይ ግን «ኒው ዳይሬክተሪ» ብላችሁ «ኢቲ.ኮም.መጋዘን» ብትጽፉ የሚፈጠረው ስሙ ውስጥ ሁለት ነጥቦች ያሉት አንድ ፎልደር ነው። የፕሮጀክቱ ዝርዝር ሦስት ተከታታይ ፎልደሮችንም አጣጥፎ በነጥብ ስለሚያሳይ ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ፋይሉ «የለም» ይላል፤ እናንተ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ታዩታላችሁ። በነጥብ ፋንታ በስላሽ ጻፉ። ከተጠራጠራችሁ በተርሚናል ወይም በፋይል ማኔጀር ገብታችሁ ፎልደሮቹን ቁጠሩ፤ ሦስት መሆን አለባቸው።

አሮጌውን ፕሮጀክት ማዛወር

ሁሉም ነገር በአንድ «ኤስአርሲ» ውስጥ የታጨቀበት፣ ኮዱ፣ ቴስቱ፣ ምስሉና ኮንፊገሬሽኑ የተቀላቀለበት ፕሮጀክት ከእጃችሁ ገብቷል እንበል። ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ምንም አይሰበርም።

1. ያልተቀመጠ ሥራ ካለ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ላይ ኮሚት አድርጉና አዲስ ብራንች ክፈቱ።

2. ምንም ሳትነኩ አሁን ካለው ኮድ ጃር ሠርታችሁ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ዝርዝር «ጃር ቲኤፍ» በሚለው ትእዛዝ አውጥታችሁ በጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። መጨረሻ ላይ ምንም እንዳልጠፋ የሚመሰክርላችሁ ይህ ዝርዝር ብቻ ነው።

3. ኤክሊፕስ ላይ «ኤስአርሲ»ን ከቢልድ ፓዝ አስወጡ። ፕሮጀክቱ በሙሉ በቀይ ይሞላል፤ ይጠበቃል።

4. በተርሚናል አራቱን ፎልደሮች ፍጠሩና ላይኛውን የፓኬጅ ፎልደር፣ ማለትም «ኢቲ»ን እንዳለ፣ በ«ጊት ኤምቪ» ወደ «ኤስአርሲ/ሜይን/ጃቫ» ውሰዱት። ፓኬጅ ኤክስፕሎረር ላይ በማውስ እየጎተታችሁ አታዛውሩ፤ ኤክሊፕስ ፓኬጅ እየቀየራችሁ መስሎት የፓኬጅ መስመሮችንና ኢምፖርቶችን ሊያርም ይችላል።

5. የቴስት ክላሶችን ለይታችሁ የፓኬጅ ፎልደራቸውን ሳትቀይሩ ወደ ቴስቱ ሥር አዛውሩ። ቴስት የሚያስኬደው የሜቨን ሹርፋየር ስማቸው በ«ቴስት» የሚጀምር ወይም በ«ቴስት»፣ በ«ቴስትስ» እና በ«ቴስትኬዝ» የሚያልቅ ክላሶችን ነው ራሱ አግኝቶ የሚያስኬደው። ስማቸው ሌላ ከሆነ ዝም ብለው ይታለፋሉ።

6. በዋናው ጃቫ ሥር ውስጥ መጨረሻቸው «ነጥብ ጃቫ» ያልሆኑ ፋይሎችን ፈልጉና በዚያው የፓኬጅ መንገድ ወደ ሪሶርስስ አዛውሩ። ስለዚህ ከታች በሰፊው እንመለስበታለን።

7. ኮሚት አድርጉ። እዚህ ኮሚት ላይ ማዛወር እንጂ ሌላ ምንም ማሻሻያ አይግባ። ጊት ፋይል መዛወሩን የሚያውቀው ይዘቱን በማመሳሰል ነው፤ አብሮ ብዙ ከተለወጠ የፋይሉ የቀድሞ ታሪክ ይቆረጣል።

8. ኤክሊፕስ ላይ ኤፍ 5 ተጫኑ፣ አራቱን ሥሮች አስገቡ፣ የድሮውን «ቢን» ፎልደር በእጃችሁ ሰርዙ፣ ከዚያ «ፕሮጀክት»፣ «ክሊን»። «ቢን» ካልተሰረዘ የድሮ የክላስ ፋይሎች እዚያው ተቀምጠው የጠፋውን ያለ ያስመስላሉ።

9. በተርሚናል አዲስ ጃር ሠርታችሁ ዝርዝሩን ከቁጥር 2 ጋር አስተያዩ። የጎደለ ክላስ ካለ በስሕተት ወደ ቴስት ሄዷል፤ የጎደለው ምስል ወይም ኤክስኤምኤል ከሆነ ቁጥር 6 ላይ ያመለጠ ነው።

«ኤክሊፕስ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ይወድቃል»

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ብዙ ሌሊት የሚበላው እዚህ ነው። ኤክሊፕስ ሶርስ ፎልደር ውስጥ ያገኘውን ጃቫ ያልሆነ ፋይል ሁሉ ወደ መውጫው ፎልደር ይገለብጣል። ሜቨን ግን «ኤስአርሲ/ሜይን/ጃቫ» ውስጥ የሚያየው የጃቫ ፋይሎችን ብቻ ነው፤ የቀረውን እዚያው ይተወዋል። ከክላሱ ጎን ያስቀመጣችሁት የኤክስኤምኤል ፋይል ስለዚህ በኤክሊፕስ ራን ስታደርጉ ይገኛል፤ ሜቨን የሠራው ጃር ሰርቨር ላይ ሲነሳ ግን የለም።

መፍትሔው ፋይሉን በሪሶርስስ ውስጥ በዚያው የፓኬጅ መንገድ ማስቀመጥ ነው፦ «ኤስአርሲ/ሜይን/ሪሶርስስ/ኢቲ/ኮም/መጋዘን»። ሁለቱ ሥሮች «ታርጌት/ክላስስ» ውስጥ ስለሚገናኙ ኮዱ አይለወጥም። አጠራሩን ግን አስተውሉ፦ በክላሱ «ጌት ሪሶርስ» በኩል ያለ ስላሽ ከጠራችሁት ከክላሱ ፓኬጅ ጀምሮ ይፈልጋል፤ በስላሽ ከጀመራችሁ ከሥሩ። በክላስ ሎደር በኩል ሲሆን ሁልጊዜ ከሥሩ ስለሆነ መነሻ ላይ ስላሽ አይደረግም፤ ከተደረገ አያገኘውም።

በቴስት ጊዜ ደግሞ «ታርጌት/ቴስት-ክላስስ» ከ«ታርጌት/ክላስስ» ቀድሞ ነው የሚታየው። በሁለቱም ሪሶርስስ ውስጥ ስሙ አንድ የሆነ የኮንፊገሬሽን ፋይል ካለ የቴስቱ ዋናውን ይሸፍነዋል፤ አይደመሩም። ለቴስት የተለየ ዳታቤዝ መስጠት ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። ሁለት መስመር ብቻ ለመቀየር ብላችሁ ከሆነ ግን የቀሩት መስመሮች በሙሉ ጠፍተው ታገኟቸዋላችሁ።

አማርኛ ጽሑፍና ቅርጸ ፊደል ሪሶርስስ ውስጥ ሲገቡ

ስክሪኑ አማርኛ የሚናገር ፕሮግራም ከሆነ መልእክቶቹ «ሜሴጅስ» በሚል ስም፣ ከኋላው ሰረዝና የቋንቋው መለያ «ኤኤም» ታክሎበት፣ በፕሮፐርቲስ ፋይል ሪሶርስስ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሰረዙ ከታች የሚሰመረው ነው። ለትግርኛ መለያው «ቲአይ»፣ ለኦሮምኛ «ኦኤም» ነው።

አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይር ዘዴ) ሦስት ባይት ይይዛል። ፋይሉን በሌላ ኢንኮዲንግ የሚያነብ ፕሮግራም ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የላቲን ምልክት ስለሚቆጥራቸው «ሰላም» የሚለው ቃል ዘጠኝ ቦታ የተበጣጠሰ ነገር ሆኖ ይወጣል። ጃቫ 8 እና ከዚያ በፊት የነበሩት የሪሶርስ ባንድል ፕሮፐርቲስ ፋይሎችን በላቲን-1 ነበር የሚያነቡት፤ አማርኛው በ«ዩኒኮድ» ቁጥር ተቀይሮ መጻፍ ነበረበት። ከጃቫ 9 ጀምሮ ሪሶርስ ባንድል ዩቲኤፍ-8 ያነባል። ግን «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ክላስ በቀጥታ ይዛችሁ በኢንፑት ስትሪም «ሎድ» ካላችሁ ዛሬም ላቲን-1 ነው፤ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ የተነገረው ሪደር ስጡት። ኤክሊፕስም ለፕሮፐርቲስ ፋይል የራሱ መነሻ አለው፦ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ጀነራል»፣ «ኮንተንት ታይፕስ» ውስጥ ገብታችሁ «ጃቫ ፕሮፐርቲስ ፋይል» የሚለውን ዩቲኤፍ-8 አድርጉት።

ኮዱ ውስጥ በቀጥታ አማርኛ ከጻፋችሁ ደግሞ ኮምፓይለሩም ማወቅ አለበት። ከጃቫ 18 በፊት «ጃቫክ» የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ኢንኮዲንግ ነበር የሚወስደው፤ ዊንዶውስ ላይ የተሠራው ጃርና ሊኑክስ ላይ የተሠራው ስለዚህ ይለያያሉ። የሜቨን ማዘዣ በሆነው ፖም ፋይል ውስጥ «ፕሮጀክት.ቢልድ.ሶርስ ኢንኮዲንግ» የሚለውን ፕሮፐርቲ ዩቲኤፍ-8 ማለት አንድ መስመር ነው።

የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ፋይል ለፒዲኤፍ ሪፖርት ሪሶርስስ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ሜቨን ላይ የሪሶርስ ፊልተሪንግ ከተከፈተ ፋይሎቹን ሁሉ እንደ ጽሑፍ እያነበበ ተለዋጮችን ይተካል። የተለመዱ የምስል ዓይነቶችን ራሱ ያልፋቸዋል፤ ቲቲኤፍ ፋይልን ግን አያልፍም። ቅርጸ ፊደሉ ይበላሻል፤ ሪፖርቱም ባዶ ሳጥን ያትማል ወይም ሲከፍተው ይወድቃል። ዋናውን ፋይል ከጃሩ ውስጥ ካለው ጋር በባይት መጠን አስተያዩ፤ ከተለያየ ምክንያቱ ይህ ነው። ፊልተር የሚደረጉትን ለብቻ፣ የማይደረጉትን ለብቻ በሁለት የሪሶርስ ፎልደር ክፈሉ።

ውሳኔው የማን ነው?

ሜቨን ወይም ግሬድል ያለው ፕሮጀክት ላይ ሶርስ ፎልደር በኤዲተሩ መስኮት አይጨመርም። ኤክሊፕስ ላይ ኦልት እና ኤፍ 5 ተጭኖ «አፕዴት ፕሮጀክት» ሲባል በእጅ የጨመራችሁት ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ቢልድም ከመጀመሪያው አያውቀውም። ሜቨን 3 ለዋናው ኮድ አንድ ሶርስ ዳይሬክተሪ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ሁለተኛ ከተፈለገ «ቢልድ-ሄልፐር-ሜቨን-ፕለጊን» በ«ጀነሬት-ሶርስስ» ደረጃ «አድ-ሶርስ» እንዲሠራ ይደረጋል። ግሬድል ላይ «ሶርስ ሴትስ» በሚለው ክፍል ይጻፋል።

በመሣሪያ የሚመነጭ ኮድ «ታርጌት/ጀነሬትድ-ሶርስስ» ውስጥ ይቆይ። ወደ ዋናው ሥር ገልብጣችሁ ካስገባችሁት በሚቀጥለው ቢልድ ሁለተኛው ስለሚመነጭ «የተደገመ ክላስ» የሚል ኤረር ይመጣል። ኤክሊፕስ ላይ በማስጠንቀቂያ ብዛት ካስቸገረ ለዚያ ሥር ብቻ «ኢግኖር ኦፕሽናል ኮምፓይል ፕሮብሌምስ»ን ክፈቱለት።

ጊት ላይ «ታርጌት»፣ «ቢን» እና «ቢልድ» አይገቡም። ሜቨን ካለ «ነጥብ ክላስፓዝ»ም ባትገባ ይሻላል፤ ከሌለ ግን እሷ ብቸኛ መዝገብ ስለሆነች የግድ ትገባለች። ያኔ ባዶ ፎልደር ተጠንቀቁ። ጊት ባዶ ፎልደር አያስቀምጥም፤ ባልደረባችሁ ፕሮጀክቱን ሲያወርድ «ቴስት/ሪሶርስስ» የለም፤ ኤክሊፕስም አንድ ሶርስ ፎልደር ስለጎደለ ብቻ ፕሮጀክቱን በሙሉ አልሠራም ይላል። ባዶው ፎልደር ውስጥ «ነጥብ ጊትኪፕ» የሚባል ባዶ ፋይል አስገቡበት።

የፓኬጅ ፎልደር ስም በካፒታል ተጀምሮ ከተገኘ ዊንዶውስና ማክ በተለምዶ ካፒታሉን ከስሞሉ ስለማይለዩ እዚያ ላይ ይሠራል፤ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ክላሱ ይጠፋል። ፊደሉን ብቻ መቀየር ጊት ላይመዘግበው ስለሚችል በሁለት ደረጃ አድርጉት፦ መጀመሪያ በ«ጊት ኤምቪ» ወደ ጊዜያዊ ስም፣ ቀጥሎ ወደ ትክክለኛው፤ ከዚያ ኮሚት።